ዘይቱናና የአብዱረዛቅ ኮርማ

ዘይቱና ሸዋ ሮቢት ገበያ ማንጎ መሸጥ ከጀመረች ሃያ ዓመት አልፏታል። ማንጎዋ ይጣፍጣል፤ ተረቷ ግን ይበልጣል። ደንበኛው ጥላዋ ሥር ቁጭ ብሎ ሲልጥ፣ ውሃ ልትቀዳ ወርዳ ምንጩ ዳር አንበሳ ስላጋጠማት ልጅ ታወራለታለች። ልጅቷ «አያ፣ ጋማህ እሾህ ይዟል፤ ና ልንቀልልህ» ትለዋለች። አንበሳውም ገርሞት ራሱን ጭኗ ላይ ጣል ያደርጋል።

«ጀግና!» ትላለች ዘይቱና ሁልጊዜ።

ጡረተኛው መምህር ብርሃኔ በየቀኑ ሁለት ማንጎ ይበላሉ፤ በየቀኑም ይከራከሯታል። «የምን ጀግና? አንበሳ ሰው እንደሚበላ የነገራት የለም። የዋህ ናት በይ።»

«ወላሂ መምህር፣ አንቱ የተማሩት ፍርሃት ብቻ ነው!»

ባለፈው ግንቦት የዘይቱና መነጽር ተሰብሮ ለጥገና ደብረ ብርሃን ተላከ። ያለ መነጽር ደግሞ ሰውን ከግንድ አትለይም። በዚያው ሰሞን አንድ ቀትር ላይ የአብዱረዛቅ ኮርማ ገመዱን በጥሶ፣ የሽንኩርቱን ጆንያ እየወጋ ገበያው መሃል ገባ። ሰው ሁሉ ባጃጅ ላይ ወጣ። መምህር ብርሃኔ በሰባ ሁለት ዓመታቸው የሚዛን ጠረጴዛ ላይ ዘለሉ። ለዘይቱና የታያት ግን አንድ ትልቅ ቀይ ነገር ማንጎዋን ሲያሸት ነው። የጎረቤቷ የፋዲላ ላም መሰለቻት።

«አንቺ ባለጌ! ትናንት የታጠበ ልብስ በላሽ፣ ዛሬ ደግሞ ማንጎ?» ብላ ጆሮዋን ያዘች፤ ጆሮውን ማለቴ ነው። አንዴ በጥፊ አጮለችው፣ የማንጎ ልጣጭ አፉ ውስጥ ጎሰጎሰችለት፣ እየጎተተች ወስዳም ግራር ላይ አሰረችው። ኮርማው እንደ ሙሽራ አንገቱን ደፍቶ ተከተላት።

አብዱረዛቅ እያለከለከ ደረሰ። «እትዬ ዘይቱና፣ ኮርማዬን ምን አስነኩብኝ?»

«የምን ኮርማ?»

«ይሄ ነዋ! ባለፈው ሳምንት ሁለት ሰው የወጋው!»

ዘይቱና ሻኛውን ዳበሰች፤ ቀንዱን ዳበሰች። «ያ ረቢ!» አለችና እዚያው ቁጢጥ አለች። ገበያው በሳቅ ፈረሰ።

«አላልኩሽም? የዋህ!» ብለው ጮኹ መምህር፣ ገና ከጠረጴዛው ሳይወርዱ።

ሦስት ቀን ሙሉ ተረቱን አላወራችም። ነገሩ ከንክኗታል። በአራተኛው ቀን መነጽሯ መጣላት። አድርጋው፣ ልጣጭ በፌስታል ቋጥራ ወደ አብዱረዛቅ ግቢ ሄደች። መምህር በሩቁ ተከተሏት። ኮርማውን አሁን በደንብ አየችው፤ ቀንዱ ክንዷን ያህላል። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸች።

«ተመለሺ!» አሉ መምህር ከአጥሩ ማዶ።

«ቢስሚላህ» ብላ ገባች። ልጣጩን ዘረጋችለት። ኮርማው አሸተተ፣ ፉ አለ፣ በላ፤ ከዚያ ክንዷን ላሰ።

«መምህር! ምላሱ ሞረድ ነው፣ ሞረድ!» እያለች እንደ ልጅ ፈነደቀች።

መምህር አጥሩን ይዘው ጠጋ አሉ። «እኔ ምልሽ፣ ያቺ ልጅ በማግስቱም ምንጩ ወርዳ ነበር እንዴ?»

«ታዲያ ውሃው አያልቅም? ወርዳለች እንጂ!»

ይህን ስትል ኮርማው የሻርፗን ጫፍ አፉ ውስጥ ከትቶ ማኘክ ጀምሯል። እሷ ትጎትታለች፣ እሱ ይጎትታል፤ ሳቁ አቅም አሳጥቷታል። መምህር ብርሃኔም «ልቀቅ፣ አንተ!» እያሉ ሊያግዟት አጥሩን ዘለው ገቡ።