ለአክስቴ ያወራሁት ልቦለድ

አክስቴ ዳንግላ ገበያ በርበሬ ይነግዳሉ። ያን ክረምት ጭቃ አንሸራትቷቸው እግራቸው ተሰበረና በጀሶ ታስሮ አልጋ ላይ ዋሉ። ልጃቸው ሥራ ስለምትውል ቅዳሜ ቅዳሜ ከእንጅባራ በሚኒባስ እየሄድኩ አብሬያቸው የምቀመጠው እኔ ነበርኩ።

እንጅባራ አስተምራለሁ። ቀደም ሲል አንድ የአጫጭር ልቦለዶች መጽሐፍ አሳትሜያለሁ። ከዚያ ረጅም ልቦለድ ጀመርኩና መሀል ላይ ቆመብኝ። አንድ አንቀጽ እጽፋለሁ፤ ደጋግሜ አነበውና እሰርዘዋለሁ። ተማሪ ሳለሁ ስጽፍ ረሀቡም ብርዱም አይሰማኝም ነበር። አሁን ግን ላፕቶፑን በከፈትኩ ቁጥር ያልታጠበ ልብስና ያልታረመ ፈተና ትዝ ይለኛል። መጻፍ የምሸሸው ሥራ ሆነብኝ።

አንድ ቅዳሜ መብራትም ኔትወርክም ጠፋ። አክስቴ ጣሪያ ጣሪያውን ሲያዩ ቆይተው፣ «እስቲ የምትጽፊውን አንብቢልኝ» አሉኝ።

«ገና አላለቀም» አልኳቸው።

«የእኔም እግር ገና አልዳነም። ጊዜ አለን፤ አንብቢ።»

ታሪኩ ከባሏ ተጣልታ፣ ከአዲስ ቅዳም ከተማ ከሰል በጫነ መኪና ስለተሳፈረች ሴት ነው። መኪናው መንገድ ላይ ይበላሻል፤ ሴትዮዋም ወርዳ ዝናብ ላይ ትቆማለች። የጻፍኩት እዚያ ድረስ ስለነበር አቆምኩ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ወዲያ አልጻፍኩም።»

«ከመቼ ወዲህ?»

«ከአምና ክረምት።»

አክስቴ በክርናቸው ተደግፈው ቀና አሉ። «አመት ሙሉ ዝናብ ላይ ገትረሻት አንቺ እንቅልፍ ይወስድሻል? አንድ ቤት አስገቢያት እንጂ።»

ሳቅሁ። እርሳቸው ግን መልስ እየጠበቁ ነበር። «እሺ፣ አንድ በር አንኳኳች» አልኩ።

«ማን ከፈተላት?»

«አንድ ሽማግሌ» አልኩ፣ ሳላስበው። «የባሏ አባት ናቸው። ከልጃቸው ጋር ተቀያይመው ስለኖሩ ሠርጉ ላይ አልነበሩም። እሷም አታውቃቸውም፤ እሳቸውም አያውቋትም።»

አክስቴ በቤታችን ቋንቋ በአዊኛ አንድ ነገር ጠየቁኝ፤ እኔም በአዊኛ መለስኩላቸው። ከዚያ በኋላ ሁለታችንም ወደ አማርኛ አልተመለስንም። በእኔ ጽሑፍ ውስጥ ሴትዮዋ እንደ ማስታወቂያ የምትናገር ነበረች። አሁን ግን እንደ ጎረቤት ሴት ታጉረመርማለች፤ ሽማግሌውም እሳት ዳር አስቀምጠዋት ስለ ማሽላቸው ያማርሩላታል። የሚቀጥለውን የማውቀው ከአፌ ሲወጣ ነበር። የአክስቴ ልጅ ከሥራ ተመልሳ «ምሳ አልበላችሁም እንዴ?» ስትል ነው ቀኑ መምሸቱን ያየሁት።

በማግስቱ የተባባልነውን ወደ አማርኛ እያመጣሁ ጻፍኩ። አንዳንዱ አረፍተ ነገር አስቀያሚ ነበር፤ እንዳለ ተውኩት። ቅዳሜ «ከዚያስ?» የሚሉኝ ሰው ስላሉ ወደ ኋላ እየዞርኩ ለማረም ጊዜ አልነበረኝም።

እንዲህም ሆኖ ሁሉም ሳምንት አልቀናኝም። አንድ ቀን የሽማግሌውን ሐዘን ብዙ ገጽ ጽፌ ሄድኩ። አክስቴ ትንሽ ሰምተው፣ «ዛሬ ድምፅሽ ደክሟል። አንቺ ምን እንዲሆን ትፈልጊ ነበር?» አሉኝ።

«ሽማግሌው እንዲስቁ» አልኩ። «አንድ ቀን እንኳ እንዲስቁ።»

«ታዲያ ማን ከለከለሽ?»

ማንም አልከለከለኝም። ቁም ነገረኛ መጽሐፍ ሳቅ የሌለበት መስሎኝ ራሴው ከልክዬ ነበር። እሑድ ዕለት በጻፍኩት ገጽ ላይ ሽማግሌው የሴትዮዋን እርጥብ ጫማ ውሻ ይዞባት ሲሮጥ አይተው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ፤ እኔም ብቻዬን ጠረጴዛዬ ላይ አብሬያቸው ሳቅሁ።

መስከረም ላይ ጀሶው ተፈታ፤ አክስቴም ገበያቸው ገቡ። የሚሰማኝ ሰው ሲጠፋ ያ ደስታም አብሮ የሚሄድ መሰለኝ። በመጀመሪያው ባዶ ቅዳሜ፣ ጉም መስኮቱን ሸፍኖት፣ ክፍሌ ውስጥ ላፕቶፑን ሳልከፍት ተቀመጥኩ። በኋላ ድምፄን አውጥቼ በአዊኛ ለራሴ ማውራት ጀመርኩ። አከራዬ ከግድግዳው ማዶ «እንግዳ መጥቶልሽ ነው?» አሉኝ።

«አዎ» አልኳቸው፤ ማውራቴንም ቀጠልኩ።

ልቦለዱን ፋሲካ ሳይደርስ ጨረስኩት። የመጨረሻውን ምዕራፍ ገበያ ድረስ ወስጄ፣ ገዢ በሌለ ሰዓት ለአክስቴ አነበብኩላቸው። ሴትዮዋ ወደ ባሏ መመለሷን አልወደዱትም።

«እኔ ብሆን አልመለስም» አሉ።

«እኔም እንዳትመለስ ብዙ ሞክሬ ነበር። እምቢ አለችኝ።»

አክስቴ አሰብ አደረጉና፣ «እምቢ ካለችስ ምን ታደርጊያለሽ» ብለው ወደ መጣው ገዢ ዞሩ።

በሳምንቱ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ሌላ ልቦለድ ጀመርኩ። አንዲት ልጅ ጫግኒ ከአውቶቡስ ትወርዳለች፤ ሙቀቱን ስላልጠበቀችው ሹራቧን እያወለቀች ዙሪያዋን ታያለች። ማን እንደሚቀበላት ገና አላውቅም፤ ለማወቅ ግን ቸኩያለሁ።