የቪኝ እሹሩሩ

የእማማ ኛይ የቀን ወጪ ቀላል ነው። ለሩዝ አምስት መቶ ዶንግ፣ ለጎመን መቶ፣ ከኖራ ጋር ለሚያኝኩት ቅጠል ሁለት መቶ። በልጃቸው ፎቶግራፍ ፊት አንድ የዕጣን እንጨት ይለኩሳሉ። ለባላቸውም ይለኩሳሉ፤ ያኛው ግን ከሩዙ ተቀንሶ ነው። መንግሥት አበል የሚሰጣቸው ጦር ሜዳ የቀረው ልጃቸው እናት ስለሆኑ እንጂ የባላቸው ሚስት ስለሆኑ አይደለም።

እኔ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤታቸው ነኝ። ሁለተኛ ደረጃ ስለጨረስኩ የሚነበብ ነገር ሲመጣ የማነብላቸው እኔ ነኝ። እሳቸው ደግሞ እኔ የሩዝ ችግኝ ልተክል ስወጣ ልጄን በተንጠለጠለው የገመድ አልጋ ላይ እያወዛወዙ ያስተኙልኛል። የሚያስተኟትም በዚህች ነው፦

እሹሩሩ ቀርከሃ፣ ነፋስ ሲመጣ ጎንበስ፤
ያጎነበሰ ሁሉ ግን፣ አልሰገደም ለነፋስ።

ይህን የጻፉት ባላቸው ቪኝ ናቸው። የባለርስቱ መሬት ለድሃ ተከፋፍሎ ካለቀ በኋላ፣ ሰው ጎረቤቱን እየፈራ በሚኖርበት ጊዜ፣ የአውራጃው ጋዜጣ ላይ ወጣላቸው። በሳምንቱ ስብሰባ ተጠሩ።

“ነፋሱ ማነው?” አላቸው ሰብሳቢው።

“ነፋስ ነዋ።”

“ቀርከሃውስ?”

“እኔ እንጃ። እኔ እንኳ እስካሁን ቆሜያለሁ።”

አዳራሹ ሳቀ። የሳቁት በሰላም ቤታቸው ገቡ፤ ቪኝ ወደ ማረሚያ ሰፈር ተወሰዱ፣ እዚያው ጫካ ውስጥ ወባ ጨረሳቸው።

በተወሰዱ ማግስት እማማ ኛይ የባላቸውን ወረቀት በሙሉ ምድጃ ውስጥ ከተቱት። ፈታሾቹ ሲመጡ አመድ ብቻ አገኙ። ግጥሞቹን ግን በቃላቸው ይዘዋቸው ነበር፤ መነሻቸው ላይ “እሹሩሩ” እየጨመሩ ኪ የሚባለውን ልጃቸውን አስተኙባቸው። በእሹሩሩ የታሰረ ሰው የለም። እኛ ዘንድ አንዱ ስንኝ በስድስት፣ ቀጣዩ በስምንት ቀለም እየተመታ ለሕፃን የተዜመ ነገር ባለቤት የለውም፤ የቅድመ አያት ነው፣ አለቀ። እማማ ቶዋ የሚባሉት ጎረቤት “ደስ ሲል! ከየት አመጣሽው?” ሲሏቸው፣ “እናቴ ትለው ነበር” አሉ። መንደሩ ሁሉ ልጆቹን አሳደገበት።

ኪ አሥራ ስምንት ሲሞላው ወደ ደቡብ ዘመተ። ከጦርነቱ የተረፈ ጓደኛው መጥቶ እንደነገራቸው፣ ለቁስለኞች የሚያዜመው ያንኑ ነበር። ቁስለኞቹም ይዘውት በየአገራቸው ሄዱ። የኪ ግን አጥንቱም አልተገኘም።

ባለፈው ዓመት ከከተማ አንድ ሰው ቴፕ አንጠልጥሎ እሹሩሩ ሊሰበስብ መጣ። ጊዜው ላላ ብሏል ሲባል ሰምተው ነበርና እማማ ኛይ ሁሉንም አዜሙለት፤ “የባሌ ነው፣ ስሙ ቪኝ ይባላል” ብለው ሦስቴ ነገሩት። መጽሐፉ ታትሞ ሲመጣ ከግጥሙ ሥር ያለውን አነበብኩላቸው፦ “የሕዝብ እንጉርጉሮ፤ ደራሲው አይታወቅም።”

“ድገሚው” አሉኝ።

ደገምኩት።

“እነዚያ አሳሪዎቹስ ቢሆኑ ስሙን ያውቁት ነበር፤ አውቀው ነው ባሌን የወሰዱት” አሉ።

ልጄን አዝዬ፣ እማማ ቶዋን ለምስክርነት ይዘን፣ በአውቶቡስ ወደ ሰውየው ቢሮ ሄድን። ሻይ አቀረበልን። ክፉ ሰው አይደለም።

“እማማ፣ ወረቀት ይኖርዎታል?”

“ሩዝ አብስዬበታለሁ።”

“ጋዜጣውስ?”

“ያን እትም እናንተው ሰብስባችሁ አቃጠላችሁት።”

ሰውየው አቀረቀረ። “ይኸውልዎት እማማ፣ እኔ ይህን እሹሩሩ በአሥራ አንድ አውራጃ ቀድቻለሁ፤ እስከ ደቡብ ጫፍ ድረስ። በሁሉም ቦታ ‘አያቴ ትለው ነበር’ ነው የሚሉኝ። የአንድ ሰው ነው ብል ማን ያምነኛል?” ወደ እማማ ቶዋ ዞረ። “እርስዎስ?”

እማማ ቶዋ የሚያኝኩትን ቅጠል ወደ ጉንጫቸው ገፋ አደረጉት። “እናቷ ትለው እንደነበር እሷው ናት የነገረችኝ። ደግሞ የኔም አያት ትለው ነበር መሰለኝ።”

“አንቺ ቶዋ! አያትሽ እኔ ሳላገባ አይደል እንዴ የሞተችው?”

“እኔ ምን አውቃለሁ! ያኔ ከኛ ደብቀሽ፣ ዛሬ የሀገሩን እሹሩሩ ለባልሽ ልትሰጪው ነው? ልጆቼን ያሳደግኩበት እኮ ነው!”

እማማ ኛይ ደህና አድርገው ስለደበቁት ራሳቸውም ሊያወጡት አልቻሉም።

ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ልጄ አለቀሰች። ከኋላ የተቀመጠች የማናውቃት ሴት ጎንበስ ብላ ያንኑ ታዜምላት ጀመር። እማማ ኛይ በመስኮቱ እንዳዩ ቀሩ።

እኔ ነገር መላ አያጣም ባይ ነኝ። “እማማ፣ ስሙን ግጥሙ ውስጥ እንጨምረዋ! ያኔ ማንም አይወስደውም” አልኳቸው።

“አይሆንም። ቀለሙ ይበዛል። ቪኝ አንዲት ቀለም ከበዛችበት እንቅልፍ አይወስደውም ነበር።” ፊታቸውን ከመስኮቱ መልሰው፣ “አንቺ መጻፍ ታውቂያለሽ። ለሚያነቡ ሰዎች የምልሽን ጻፊልኝ” አሉኝ።

እንዳሉት ጻፍኩት፦

“ልጅ ያላችሁ ሁሉ፣ እሹሩሩውን ውሰዱት፤ አልቀማችሁም። መጽሐፉንም አርሙልኝ አልልም። ልጁ እንቅልፍ ሲይዘው ብቻ፣ ዜማው ካለቀ በኋላ፣ ቀስ ብላችሁ ‘የቪኝ ነው’ በሉት።”