አማቴ እህል ጭነው ወደ ባቡሬ የመጡ ለት

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ባቡር ያለኝ ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። እውነተኛውን ባቡር የማውቀው አንድ ጊዜ ብቻ፣ አዲስ አበባ ሄጄ የከተማውን ባቡር ስሳፈር ነው። እሱንም ቢሆን ከአንድ ረጅም ሰውዬ ብብት ሥር ተወትፌ ስለነበር፣ ያየሁት ነገር ቢኖር የሰውየውን ሹራብ ነው።

ሥራዬ ሞባይል ጥገና ነው። ደንበኛ ሲጠፋ ስልኬ ላይ ቪዲዮ አያለሁ። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ጠረጴዛ ላይ ትንሽዬ ባቡር ሲነዳ አየሁ። ተራራው፣ ድልድዩ፣ ጣቢያው፣ ጣቢያው ላይ ሻንጣ ይዛ የቆመችው ጥፍር የምታህል ሴትዮ ሳትቀር ተሠርታለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የተለከፈ ሰው ሆንኩ።

ዕቃው ከየት ይምጣ? ሞተሩን ከሞተ ዲቪዲ ማጫወቻ አወጣሁ። ጎማውን ከለስላሳ ቆርኪ፣ አካሉን ከዶድራንት ጣሳ፣ ሐዲዱን ከተሰበረ ጃንጥላ ሽቦ ሠራሁ። ለሐዲዱ ስል የሰፈሩን አሮጌ ጃንጥላ ሁሉ ለቃቅሜ ጨረስኩ። ክረምት ሲገባ ጎረቤቶቼ በዝናብ እየተደበደቡ በደጄ ሲያልፉ የሚያዩኝ አስተያየት ደህና አልነበረም። የአባይን በረሃ ደግሞ፣ ቁልቁለቱንም ዳገቱንም፣ በጋዜጣና በሙጫ እየለጠፍኩ የሳሎናችን ጠረጴዛ ላይ ገነባሁት። እኔና ባለቤቴ ከዚያ ወዲህ ምሳችንን የምንበላው ጉልበታችን ላይ አስቀምጠን ነው። ባለቤቴ ታጋሽ ናት። አንድ ቀን ብቻ ትሪ ይዛ ቆማ፣ "ይኼን አባይ ትንሽ ጠጋ ብታደርገው፣ ሰው ነን እኮ፣ እንበላለን" አለችኝ።

ጣጣው የመጣው በስልክ ነው። ባለቤቴ ደብረ ኤልያስ ላሉት እናቷ ደውላ ስታወራ፣ እንዴት እንደሆንኩ ጠየቋት። "እሱማ ምን ይሆናል፣ ባቡር ሲሠራ ነው የሚውለው" አለቻቸው። ኔትወርኩ እዚያው ላይ ተቆረጠ። በእኛ አገር ገጠር ደግሞ ባቡር ማለት ወፍጮ ነው። "ባቡር ሄደች" ከተባለ እህል ልታስፈጭ ሄደች ማለት ነው እንጂ ማንም ተሳፋሪ አይመስለውም።

ቅዳሜ ጠዋት በር ተንኳኳ። ስከፍት ደጃፌ ላይ ባጃጅ ቆሟል። ባጃጁ ውስጥ አማቴ በማዳበሪያ በተሞላ ጤፍ መካከል ተቀርቅረው አንገታቸው ብቻ ይታያል። አጠገባቸው ጎረቤታቸው የሆኑ አንድ ሽማግሌ ገበሬ የራሳቸውን ስንዴ እንደ ሕፃን ታቅፈው ተቀምጠዋል።

"እንኳን ደስ ያለህ ልጄ!" አሉ አማቴ ገና ሳይወርዱ። "ባለ ባቡር ሆንክ አሉ!"

ደስታዬን አልቻልኩትም። "እኔ እኮ ይቆጡኛል ብዬ ነበር፣ እማማ።"

"ለምን ብዬ! ከሞባይሉ ይኼ ይሻልሃል።"

ሽማግሌው ነገር አጣሪ ናቸው። "ለመሆኑ የት ነው የተከልከው?" አሉኝ።

"ሳሎን ነው፣ አባቴ።"

"ሳሎን? ብናኙስ?"

"ባለቤቴ በየጠዋቱ ታራግፈዋለች።"

"ድንጋዩስ አዲስ ነው?"

ተራራውን የጠየቁኝ መሰለኝ። "አዲስ ነው፤ ከጋዜጣና ከሙጫ ነው የሠራሁት።"

ሽማግሌው አማቴን አዩ። አማቴም ሽማግሌውን አዩ።

"ጤፍስ ይችላል?" አሉ አማቴ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

"ትንሽ ትንሹን ይችላል። ከበዛ ግን ዳገቱ ላይ ይገለበጣል።"

ማዳበሪያዎቹን አስወርደው ደጃፉ ላይ ደረደሩና ገቡ። እኔ በኩራት ማብሪያውን ተጫንኩ። ባቡሩ ጢዝ እያለ ቁልቁለቱን ወረደ፣ ድልድዩን ተሻገረ፣ ዳገቱን እያቃሰተ ወጣ። አማቴ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ያዙ። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ከጠረጴዛው ሥር ሳይቀር ፈተሹ።

"የሚፈጨው በየት በኩል ነው?" አሉ።

ያን ጊዜ ገባኝ። ባለቤቴም ከጓዳ ብቅ ብላ ማዳበሪያዎቹን ስታይ ገባት። ግድግዳውን ተደግፋ መሳቅ ጀመረች፤ እየሳቀች ተንሸራታ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

አማቴ ግን አልሳቁም። "አማቼ ባቡር ተከለ ብዬ ያልነገርኩት የገበያ ሰው የለም" አሉ። "ይኼ ጤፍ የእኔ ብቻ አይደለም፣ የጎረቤት አደራ ነው። ምን ብዬ ልመለስ?"

"እማማ፣ ታች ሰፈር ወፍጮ ቤት አለ። አስፈጭቼ አመጣለሁ፤ ማን ያውቃል?"

"ኤልያስን! በዚህ ዕድሜዬ ልታስዋሸኝ ነው?" ትንሽ አሰቡና ደግሞ ባቡሩን አዩት። "ቆይ ግን፣ ዱቄቱ እዚህ ላይ አንዴ ቢዞርስ? 'ከአማቼ ባቡር ወርዶ የመጣ ነው' ብል ውሸት ይሆናል?"

ሽማግሌው በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ገብተው የወጡ ሰው ናቸው። ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አድርገው፣ "ይኼማ ሰምና ወርቅ ነው፤ ኃጢአት የለበትም" ብለው ፈረዱ።

ማዳበሪያዎቹን በጋሪ ጭኜ ወፍጮ ቤት ተሰለፍኩ። ስመለስ ፀጉሬም ቅንድቤም ዱቄት ሆኖ ስለነበር አማቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በእርካታ አዩኝ፤ የባለ ባቡር መልክ ያየሁት አሁን ነው የሚሉ ይመስላሉ።

ከዚያ ጭነቱ ተጀመረ። ከየሰዉ ዱቄት በቆርኪ እየተቆነጠረ፣ እንዳይቀላቀል ተራ በተራ፣ በሰርዲን ቆርቆሮ በሠራሁት ፉርጎ ላይ ይጫናል። አማቴ "ይኼ የቀበሌያችን ምክትል ሊቀመንበር ሚስት ዱቄት ነው፣ ቀስ አድርገህ ንዳ!" ይላሉ። ሽማግሌው ደግሞ ቁልቁለቱ ላይ "ፍሬን! ፍሬን ያዝ!" እያሉ ይጮኻሉ። ባቡሩ ፍሬን እንደሌለው ብነግራቸው፣ ፍሬን በሌለው መኪና አባይን መውረድ ዕብደት ነው ብለው ተቆጡኝ። እውነታቸውን ነበር። የእሳቸው ስንዴ ተራ ሲደርስ ባቡሩ ኩርባው ላይ ተገለበጠና ዱቄቱ በረሃው ላይ ተበተነ። በአባይ በረሃ በረዶ የዘነበው ያን ቀን ነው።

"የማን ነው የፈሰሰው?" አሉ አማቴ።

"የእኔ ነው" አሉ ሽማግሌው፣ ከብት ገደል እንደገባበት ሰው።

አማቴ የሳቁት ያን ጊዜ ነው። ዓይናቸው እንባ እስኪያቀርር ሳቁ፤ ከዚያም ማብሪያውን ከእጄ ቀምተው ሁለተኛውን ጭነት ራሳቸው ነዱት። ሚኒባስ ሊያመልጣቸው ነው ብለን ስንወተውት፣ "አንዴ ብቻ፣ ድልድዩን ልሻገርና" እያሉ አስቸገሩን።

በኋላ እንደሰማነው ዱቄቱ በደብረ ኤልያስ ተመሰገነ። እንዲህ አድርጎ ዱቄት የሚያልም ባቡር አላየንም ተባለ። ወሬው እስኪጣራ ድረስም እህል በሚኒባስ እየተጫነ ይመጣልኝ ነበር፤ እኔም ጋሪ እየገፋሁ ወፍጮ ቤት ስሰለፍ ከረምኩ። የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ እህል ነጋዴ የሆንኩ መስሎት አንቱ ይለኝ ጀመር።

ባለፈው ሰሞን ግን ከአማቴ የተላከው እህል አልነበረም። በጨርቅ ተጠቅልሎ የመጣው አውራ ጣት የሚያህል አገልግል ነው፤ ራሳቸው የሰፉት፣ ክዳኑም ማንገቻውም የተሟላ። "የባቡርህ መንገደኛ እስከ አባይ ማዶ በባዶ ሆዱ ነው እንዴ የሚሄደው?" ብለዋል። አገልግሉ በባቡሩ በር አልገባ አለኝ። ባለቤቴ አየችና፣ "እንደ አውቶቡስ ጣሪያው ላይ ጫነዋ!" አለችኝ። ስለዚህ ባቡሬ ፖርቶመጋላ ተሠራለት።