የወርቅውሃ ሁለተኛ መስኮት

ወርቅውሃ አስናቀው አንድ ቦታ አርፋ መቀመጥ የማይሆንላት ሴት ናት። ሻይዋን ይዛ ትነሳለች፤ ስልክ ስታወራ ግቢውን ትዞራለች፤ ኮምፒውተር ላይ ተጎንብሳ ስትሠራ እንኳ አንድ እግሯ ወለሉን ይመታል። የሚያውቋት “ከአባቷ የወረሰችው ነው” ይላሉ። አባቷ ከጎንደር ቆላ ሰሊጥ ለማጨድ ወደ ሱዳን የወረደ ሰው ነበር። አንዱን ዓመት ሀዋታ፣ ሌላውን ዶካ እያለ ሲዞር ኖሮ፣ እሷን የወለዳት ከራሃድ እርሻዎች ዳር በተቀለሰች የሣር ጎጆ ውስጥ ነው።

ልጅቱ አድጋ ኻርቱም ገባች፤ በኮምፒውተር የሕንጻ ንድፍ መሥራት ተማረች። ደህና ሥራ ይዛ፣ ኪራይም ቢሆን የራሷን ክፍል ዘግታ መኖር እንደ ጀመረች ጦርነቱ መጣ። ላፕቶፗን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ከሰው ጋር በሎሪ ላይ ተጭና ገዳሪፍ ደረሰች።

ገዳሪፍ ውስጥ ያዕቁብ የሚባል መሐንዲስ ቀጠራት። ሥራው በየመጠለያው የውሃ ታንከር የሚቀመጥበትን የብረት ማማ ማቆም ነበር። ያ ዓመት ክፉ ዓመት ነበር። ከገዚራና ከሲናር የሸሸው ሕዝብ በየሜዳው ሰፍሯል፤ ማሽላ ከገበያ ጠፍቷል፤ ሰው በቀን አንዴ ከጋራ ማዕድ ቤት በሚታደል አንድ ጭልፋ የአሲዳ ገንፎ ነፍሱን ይዞ ይውላል። የሚጠጣው ደግሞ ሃፊር ከሚሉት የዝናብ ኩሬ ነው። ረሃብ ያደከመውን ሰው ተቅማጥ እየጨረሰው ነበር። ስለዚህ ማማው ሁሉ “ዛሬ ይድረስ” የሚባል ነበር።

ዶካ አጠገብ ላለው መጠለያ የሚሆነውን ማማ ወርቅውሃ ከድሮ ንድፍ ተነስታ ሠራችው። ሰው ስለ በዛ ታንከሩን በትልቅ ለወጠች፤ ታንከሩ ስለ ከበደ እግሮቹን በሰያፍ የሚያስሩትን ደጋፊ ብረቶችም አወፈረች። ወረቀቱን ልታትም ስትል ያዕቁብ በሩ ላይ ቆመ።

“መኪናው ተጭኖ እየጠበቀ ነው፤ ያላ፣ ቶሎ!”

“የጥጉን ዲቴል አላወጣሁም። እግሩ፣ አግዳሚው፣ ቧንቧው የሚገናኙበት ቦታ አይታይም።”

“ብረት በያጁ ስማቸው ሃያ ማማ ያቆመ ሰው ነው። ያውቀዋል። አትሚና ስጪኝ።”

አተመችና ሰጠችው። መኪናው ሄደ።

ከዚያ በኋላ ሌላ ሥራ ከፍታ ዘጋች። ደጅ ወጥታ ተመለሰች። በሳምንቱ፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ጄኔሬተሩ እየሠራ ሳለ፣ ያን ንድፍ መልሳ ከፈተችው።

በኮምፒውተር ሲነደፍ ማማው የሚሣለው አንድ ጊዜ፣ በእውነተኛ መጠኑ ነው። የሚታተመው ወረቀት ሌይአውት ይባላል፤ በዚያ ገጽ ላይ እንደ መስኮት ያለ ክፈፍ ይከፈትና ማማው በዚያ በኩል ይታያል። የወርቅውሃ ገጽ አንድ መስኮት ብቻ ነበረው፤ ማማውን ከነታንከሩ፣ በአንድ ለሃምሳ ስኬል፣ ሙሉውን የሚያሳይ። በዚያ መጠን ብረቶቹ የሚገናኙበት ጥግ የተጨፈለቀ ዝንብ ይመስላል።

ጥጉን በክብ መስመር ከበበችና ቁጥር ሰጠችው። ገጹ ላይ ከጎኑ ሁለተኛ መስኮት ከፈተች። እንደ አዲስ መሣል አላስፈለጋትም፤ ያው ማማ ነው፣ ቀረብ ተብሎ ሲታይ። ስኬሉን አንድ ለአምስት አደረገችው፤ ጥጉ ገጹን ሞልቶ መጣ። በዚህኛው መስኮት የማያስፈልጉትን መስመሮች ደበቀች፤ መጠኑ እንዳይናጋም መስኮቱን ቆለፈች። ከዚያ ልኬቶቹን መጻፍ ጀመረች።

የውሃው መክፈቻ ቫልቭ ዘንድ ስትደርስ እጇ ቆመ። እጀታው ተዘግቶ ሲቀመጥ ልክ ነው። ሲከፈት የሚሄድበትን መንገድ በቅስት መስመር ሣለችው፤ ቅስቱ ከወፈረው ደጋፊ ብረት ውስጥ ገባ። እጀታው ገና ፈቀቅ እንዳለ፣ ውሃ ሳይከፍት፣ ብረቱን ይመታል ማለት ነው። በሌላ በኩል እንዳይዞር አግዳሚው አለ።

“ወይኔ!” አለች ጮክ ብላ።

ያዕቁብ መጥቶ ከኋላዋ ቆሞ አየ።

“ቫልቩ አንድ ክንድ ዝቅ ቢል ይበቃዋል” አለች። “እኔን የሚያስፈራኝ እሱ አይደለም። እጀታው አልዞር ሲላቸው ደጋፊውን ብረት ይቆርጡታል። ታንከሩ ሲሞላ ደግሞ በዚህ ጭቃ ላይ፣ በዚህ ነፋስ…”

ያዕቁብ ስልኩን አወጣ። ለስማቸው ደወለ፤ ኔትወርክ የለም። ደገመ፤ የለም።

ዓርብ ጎህ ሲቀድ ወርቅውሃ አዲሱን ወረቀት በላስቲክ ጠቅልላ ወደ ዶካ በሚሄድ አውቶቡስ ተሳፈረች። አውቶቡሱ ዋልካ ጭቃ ውስጥ ሰጠመ። ወንዶቹ ወርደው ሲገፉ እሷ ጫማዋን አውልቃ በእግሯ ቀጠለች። ኋላ አንድ ትራክተር አነሳት። መጠለያው ስትደርስ ጭቃው እስከ ጉልበቷ ነበር።

ማማው ቆሟል። ታንከሩ ሞልቷል። ከሥሩ ሴቶች ጀሪካናቸውን ደርድረው ይጮኻሉ። ስማቸው፣ ጎልማሳ የጭልጋ ሰው፣ መሰላል ላይ ወጥቶ የብረት መቁረጫውን ይዟል።

“ጋሽ ስማቸው! እንዳትቆርጠው!”

ዞሮ አያት። “ወርቅውሃ ነሽ? እጀታው አልዞር አለን’ኮ። ይኼን ትንሽ ብረት ብነካው ውሃው ወረደ።”

“ውረድና ይኼን እይ። በእናትህ።”

ወረደ። ወረቀቱን በጉልበቱ ላይ ዘርግቶ አየው። ጣቱን በትልቁ ሥዕል ላይ አሳረፈ፤ ከክቡ ተነስቶ ወደ ጎኑ መስኮት ሄደ፤ ብረቱን፣ ቧንቧውን፣ ቅስቱን ተከተለ። ቀና ብሎ ማማውን አየና ተመልሶ ወረቀቱን አየ።

“ይኼ ብረት ነው ለካ ይኼን እግር የያዘው” አለ። “ብቆርጠው እነዚህ ሴቶች ሁሉ ሥሩ ነበሩ።”

“ጥፋቱ የኔ ነው። ሳላየው ነው የላክሁት። አሁን ቫልቩ ዝቅ ይበል።”

“ቧንቧ አለኝ። ለቧንቧው መግጠሚያ ጥርስ የሚያወጣልን ሰው ግን ዶካ ነው ያለው፤ ዛሬ ደግሞ ዓርብ ነው፣ ዘግቷል። ነገ ነው እንግዲህ።”

ነገ የምትለዋ ቃል ሴቶቹ ዘንድ ደረሰች። ዘሐራ የምትባል፣ ከገዚራ የመጣች ረዥም ሴት፣ ልጇን አዝላ ወደ ፊት ወጣች። በዐረብኛ ነበር የተናገረችው፤ ድምፅዋ የተሰነጠቀ ነው።

“አንቺ ሐበሻዪቱ፣ ውሃው ከራሳችን በላይ አለ። እናየዋለን። ብረት ቁረጡና ስጡን!”

“ከተቆረጠ ማማው ይወድቃል፣ እህቴ። በእናንተ ላይ።”

“መች ነው የሚወድቀው? ልጄ ዛሬ ነው የጠማት!”

ስማቸው መቁረጫውን እንደ ያዘ ወርቅውሃን ያያል፤ እሺ ብትለው ይቆርጣል። ዐይኗ ጀሪካኖቹ ላይ፣ ከዘሐራ ጀርባ በተንጠለጠለው የልጅቱ ቀጭን እግር ላይ ሄደ። የፈላ ውሃ ፈልጋ ከማዕድ ቤቱ ለመነች፤ አንድ ድስት ብቻ ሰጧት፤ ለሕፃናቱ በኩባያ አዳረሰችው፤ ከሰልፉ መሀል ሳይደርስ አለቀ።

“አይቆረጥም” አለች በመጨረሻ።

ሴቶቹ እየተራገሙ ወደ ሃፊሩ ሄዱ።

በማግስቱ ስማቸው ከዶካ ጥርስ የወጣለት ቧንቧ ይዞ መጣ። ወረቀቱን መሰላሉ ላይ አስሮ፣ ልኬቱን እያነበበ ሠራው። ቀትር ሳይሆን ቫልቩ ዝቅ ብሎ ገባ፤ እጀታው ያለ ችግር ዞረ፤ ውሃው ወረደ። ሰዉ እልል አለ። ወርቅውሃ ግን በሕዝቡ መሀል ዘሐራን ስትፈልግ ነበር፤ አላገኘቻትም።

የዘሐራ ልጅ ሂያም ታማ ሐኪም ድንኳን ገብታ ነበር። በዚያ ምሽት ከኩሬው በጠጣችው ይሁን ቀድሞ በያዛት፣ የሚያውቅ አልነበረም። ወርቅውሃ ወደ ገዳሪፍ አልተመለሰችም። ድንኳኑ ደጅ ላይ ወዲያ ወዲህ ስትል ከረመች። ነርሷ “ወይ ግቢ ወይ ሂጂ፤ ራሴን አዞርሽብኝ” አለቻት። ገባች። ዘሐራ ከልጇ አጠገብ ተቀምጣ የግሉኮሱን ጠብታ ታያለች። ወርቅውሃ የፈላ ውሃ ታመጣለች፤ ባልዲ ታጥባለች፤ ትወጣለች፤ ትመለሳለች።

ሂያም ዳነች። እናቷ አቅፋ ልትወስዳት ስትነሳ፣ ወርቅውሃ ጓዟን ልትይዝላት እጇን ዘረጋች። ዘሐራ ጓዙን አልሰጠቻትም።

“ያ ወረቀት” አለቻት፣ “መጀመሪያውኑ እንደዚያ አጉልተሽ ብትሠሪው ኖሮ ያን ቀን እንጠጣ ነበር?”

“አዎ፣ ትጠጡ ነበር።”

ዘሐራ አየቻት። ልጇን ወደ ሌላ ክንዷ አዛወረች።

“እንግዲህ ሌላ ቦታ ስትልኪ፣ ከመላክሽ በፊት እዪው።”

“እሺ” አለች ወርቅውሃ።

በዚያው ወር መጨረሻ በሰፈሩ ላይ ብርቱ ዝናብ የተሸከመ ነፋስ መጣ፤ ብዙ ድንኳን ገለበጠ። ማማው ግን ታንከሩን እንደ ተሸከመ ቆሞ አደረ።