እጄ ሳይድን እኔ ዳንኩ

ቅዱሳን፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ጌታ በእኔ ላይ የሠራውን ልናገር ወጥቻለሁ። የላከኝ ሰው የለም። እንዲያውም አንድ ወንድም በር ላይ ያዘኝና፣ "ጋልታ፣ ትንሽ ታገሥ፤ እጅህ ሲድን ትመሰክራለህ" አለኝ። አልታገሥም! ይኸው፣ እዩት። ቀኝ እጄ ይህ ነው። ሁለቱ ጣቶች እንደ ደረቀ ሥር ቀርተዋል። አልዳነም። እኔ ግን ድኛለሁ! ሃሌሉያ! ምነው ዝም አላችሁ? አሜን በሉ እንጂ!

አማርኛዬ የወታደር ቤት አማርኛ ነው። ወንዱን ሴት፣ ሴቱን ወንድ ባደርግ ሳቁና እለፉት።

ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ። በቀድሞው ሠራዊት አሥር አለቃ ነበርኩ። እዚያ የሽጉጥ ዒላማ ተኩስ ተማርኩ፤ ከክፍሌ የሚቀድመኝ አልነበረም። በሰማንያ ሦስት መንግሥት ሲለወጥ ሠራዊቱ ተበተነ፤ እኔም በእግሬ አገሬ ገባሁ። ሁለት ዓመት ከላንቴ መንደር ሙዝ በጋሪ ወደ ሲቀላ ገበያ አመላለስኩ። ታዲያ አንድ ቀን የፖሊስ አዛዡ ጋሪዬን መንገድ ላይ አስቆመና፣ "አሥር አለቃ፣ አንተ እኮ ተኳሽ ነህ። ለውድድር የሚሆን የተኩስ ቡድን ላቋቁም ነው፤ ፖሊሶቼን አሰልጥንልኝ" አለኝ።

በባዶ ነገር ጀመርን፣ ወገኖቼ። ከከተማው ጀርባ፣ ከተራራው ሥር አንድ ገደል ነበር። ጆንያ በአፈር ሞልተን ደረደርን፤ ካርቶን ቆርጠን ክቡን በከሰል ሣልን። ጥይት እንደ ልብ የለም፤ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ በባዶ ሽጉጥ ምላጭ መሳብ ነው። አንድ ሳንቲም አፈሙዙ ላይ አስቀምጣለሁ፤ ምላጩ ሲሳብ ሳንቲሟ ከወደቀች አለንጋዬ አለ። አዎ፣ እገርፋቸው ነበር! ተኩሰው ሲጨርሱም ካርቶኑን ከማየታቸው በፊት ጥይቷ የት እንዳረፈች ይነግሩኛል። "ግራ ወርዳለች፤ እጄ ቸኩሏል" ማለት አለባቸው። የዋሸ ከቡድኑ ይወጣል። እንዲህ ያለ ጥብቅ ሰው ነበርኩ፣ በሌላው ላይ!

ለራሴ ግን አረቄ ነበረኝ። በቀትር እጀምራለሁ። ባለቤቴን አማረችን ታውቋታላችሁ፤ ያቺውና እፊት የተቀመጠችው። እሷ ቀድማ ጌታን አግኝታ ነበር። "ጴንጤ ከቤቴ አይወጣም!" ብዬ ቤተ ክርስቲያን ከለከልኳት። መጽሐፍ ቅዱሷን ወስጄ ኩልፎ ውስጥ ጣልኩት። እሷም፣ "ወንዙ ይወስደዋል፤ ከልቤ ግን አይወስድም" አለችኝ። ያን ቀን መታኋት። ዛሬ በፊታችሁ እናገረዋለሁ፤ አልደብቀውም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ጠጥቼ ገባሁ። የቡድኑን ሽጉጥ ላጸዳ ቁጭ አልኩ። የጥይት ካዝናውን አወጣሁ፤ አንዷ ጥይት ግን ውስጥ ቀርታ ኖሯል። ሽጉጥ ምንጊዜም እንደ ጎረሰ ቁጠሩት ብዬ የማስተምር ሰው፣ እኔው ራሴ አላየኋትም! በቀኝ እጄ አፈሙዙን ይዤ በግራዬ ምላጩን ሳብኩ። ጮኸ። እጄን በሳ፤ አልፎም የጭቃውን ግድግዳ መታ። ግድግዳው ሥር አማረች በቆሎ ትፈለፍል ነበር። ቀዳዳው ከራሷ በላይ አንድ ስንዝር ነው። አንድ ስንዝር፣ ወገኖቼ! አፈሩ ነጠላዋ ላይ ፈሰሰ። እሷ ግን "ኢየሱስ!" ብላ ተነሥታ በዚያው ነጠላ እጄን አሰረችው።

ሐኪም ቤት ሐኪሙ እጄን ገልብጦ አየና፣ "አጥንቱ ተሰባብሯል፤ ጅማቱም ተቆርጧል። ቁስሉ ይድናል፣ እነዚህ ሁለት ጣቶች ግን አይታጠፉም። ሌላ ሥራ ፈልግ" አለኝ። እኔም፣ "አንተ ማን ነህ? እተኩሳለሁ!" ብዬ ጮኽኩበት። ትዕቢቴ አልቆሰለም ነበርና!

ከዚያ የከፋው ቀጠለ። ፖሊስ እዚያው ሐኪም ቤት ሊመረምር መጣ። እኔ አማረችን አስቀድሜ፣ "ሽጉጡ ከጠረጴዛ ወድቆ ነው የጮኸው በዪ። ሌላ ቃል ከአፍሽ እንዳይወጣ" ብያት ነበር። መርማሪው ጠየቃት። ቀና ብላ አየችኝና፣ "ጠጥቶ ነበር። ምላጩን የሳበው እሱ ነው" አለች። በቃ! ከአሰልጣኝነት ተባረርኩ።

ቤት ስንገባ፣ "ሸጥሽኝ! ባልሽን ለፖሊስ ሸጥሽ!" አልኳት። ደግሞ ልመታት ተነሣሁ፤ በየትኛው እጄ? እሷ አልሸሸችም። እፊቴ ቆመች።

"ጋልታ፣ ጥይት የት እንዳረፈ የሚዋሽ ይባረራል የምትለው አንተ አይደለህም?"

"እኔ ነኝ።"

"እንግዲያስ ያንተዋ የት አረፈች? ግድግዳውን እንዳታይ። ንገረኝ።"

ከዚያም ሄዳ ምግብ አመጣችና አጠገቤ ቁጭ ብላ አጎረሰችኝ፤ በቀኝ እጄ መብላት አልችልማ። ያን ቀን ከመታኋት ሴት እጅ እየጎረስኩ አለቀስኩ። ጦር ሜዳ ያላለቀስኩ ሰው! "ልገድልሽ ነበር" አልኳት። "ምላጩን የሳብኩት እኔ ነኝ። ስካሬ ነው፣ ትዕቢቴ ነው። ያንቺ አምላክ እንደኔ ያለውን ይቀበላል ወይ?" እሷም፣ "እኔ የተቀበልኩህ ማን አስተምሮኝ ይመስልሃል?" አለች። እዚያው ወለሉ ላይ ተንበረከክን። ጌታ ይባረክ! ስሙ ከፍ ይበል! አረቄው ከዚያ ቀን ወዲህ ከከንፈሬ አልደረሰም።

በማግስቱ ገደሉ ጋ ሄድኩ። ፖሊሶቹ ተሰልፈው ነበር። ጥፋቴን አንድ በአንድ ተናገርኩ፤ ለገረፍኳቸውም ይቅርታ ጠየቅሁ። አዛዡ፣ "አሥር አለቃ፣ ዛሬም ጠጥተሃል?" አለኝ። "ዛሬ ነው የነቃሁት" አልኩት።

ከዚያ ሽማግሌዎች መጡ፤ ስለ እጄ ጸለዩ። ዘይት ቀቡኝ፤ ሦስት ቀን ጾሙልኝ። ጌታ ይባርካቸው። ጣቶቼ አልተንቀሳቀሱም። ያን ጊዜ አንድ ወንድም፣ "እምነትህ ቢያንስ ነው" አለኝ። ወንድሜ፣ ዛሬም እዚህ ተቀምጠሃል፤ እወድሃለሁ፤ ግን መልሴን ስማ! ሚስቱን የሚመታው ሰው የት አለ? ሰካራሙ የት አለ? ሞቷል! ይህን ያደረገ ጌታ ሁለት ጣት አቅቶት ነው? ከፈለገ ነገ እንዲታጠፉ ያድርጋቸው። ካልፈለገ ቀጥ እንዳሉ ወደ እሱ አነሣቸዋለሁ! ሃሌሉያ!

ዓመት ሲሞላ አዛዡ አስጠራኝ። "ቡድኑ ያለ አንተ ተበትኗል። መተኮስ ባትችል ማስተማር ትችላለህ" አለኝ። አሁን ደግሞ ከመካከላችን፣ "አማኝ ሽጉጥ ያስተምራል ወይ?" የሚል ተነሣ። ጸለይኩበት። እኔ መግደል አላስተምርም፤ እጅ ማረጋጋት፣ ትንፋሽ መያዝ፣ እውነት መናገር ነው የማስተምረው። ይህን ለማስተማር ደግሞ ከእኔ የበለጠ ማን ዋጋ ከፍሎበታል? ያለ አለንጋ ጀመርኩ። ምላጭ አሳሳቡን በግራ እጄ አሳየኋቸው።

ብርቱካን የምትባል ፖሊስ አለችን፤ የዶርዜ ሸማኔ ልጅ ናት። አዋሳ ለውድድር ወሰድኳት። ተኩሱ ሲያልቅ ዳኛው ቆጠረና አንደኛ አላት። እሷ ግን እጇን አነሣች። "ጌታዬ፣ ያቺ የመሀሏ ቀዳዳ የእኔ አይደለችም፤ አጠገቤ ያለው ተኳሽ ተሳስቶ የእኔ ካርቶን ላይ ነው የተኮሰው። የእኔ የመጨረሻዋ ከክቡ ወጥታለች" አለች። ዳኛው ግራ ገባው። እንደገና ተቆጥሮ ሦስተኛ ሆነች። የሌላ ቡድን አሰልጣኝ፣ "ምን ዓይነት ሞኝ ነው ያሰለጠንከው?" አለኝ። እኔ በዚያ ሁሉ ሰው መካከል "ሃሌሉያ!" ብዬ ጮኽኩ። ዳኛው ዝም በል አለኝ፤ ደገምኩት!

ወገኖቼ፣ ዛሬ አመሰግናለሁ። አማረች በሕይወት ስላለች አመሰግናለሁ። ግድግዳውን ስንመርግ ያቺን ቀዳዳ አልደፈንናትም፤ ጠዋት ጠዋት እሷ ሥር ቆመን እንጸልያለን።

እናንተ ጸልያችሁ ያልዳናችሁ፣ አታፍሩ! ቁስላችሁን ይዛችሁ ቁሙ፤ ጌታን አመስግኑ። ሰው "ቆይ" ቢላችሁ አትቆዩ።

በር ላይ የቆማችሁትንም አያችኋለሁ። አንተ በቀለ፣ አረቄ ቤት አብረን የከረምን፤ ሦስት እሑድ ከደጅ እየሰማህ ተመልሰሃል። ጫማህ ጭቃ ነው? ይግባ። አፍህ ይሸታል? ይሽተት። ከእኔ ወንበር ጎን አማረች ቦታ ይዛልሃለች፤ ና፣ ግባ።