የእትዬ አስካለ ጥቁር ድድ

ዛሬ ፒያሳ፣ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ፣ ታላቅ እህቴ እትዬ አስካለ አፏን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች።

ምርመራው መርፌ የለው፣ ደም የለው። ሐኪሟ «ተጉመጥምጠው እዚህ ይትፉልኝ» አለቻትና ቀጭን ወረቀት ነከረችበት። «እትዬ፣ ምራቅሽ ፈተና ተቀመጠ!» ብዬ አሳቅኋት።

ወረቀቱ ግን የድድ በሽታ አሳየ። ሐኪሟ ስትነካካቸው የፊት ጥርሶቿ ተነቃነቁ።

«እማማ፣ ድድዎ ሲቀላ አላዩም?»

«በምን ልየው ልጄ? በልጅነቴ ተነቅሼዋለሁ፤ ሁሌም ጥቁር ነው። ሲደማም መፋቂያው ወጋኝ እላለሁ።»

የተነቃነቁት ጥርሶች ከእንግዲህ መነቀል ነው ያለባቸው ተባለ።

«ለማማር ተነቀስኩ፣ አሁን ደግሞ ልነቀል!» አለች። ቀልድ የኔ ሥራ ነበር፤ ዛሬ ቀደመችኝ፣ መሳቅ ግን አቃተኝ።

ድዷን የተነቀሰች እናት ያላችሁ፣ በቀለሙ አትሸወዱ። «ይደማል ወይ?» ብላችሁ ጠይቋትና ያለቻችሁን ጻፉልኝ።