መብራት ሲመጣ የጠፋው ድምፅ

በጦርነቱ ጊዜ መርሳ ከተማ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበርኩ፤ የማስተምርበት ክፍል ግን አልነበረኝም። ትምህርት ቤታችን መስኮቱ ረግፎ፣ ወንበሩ ተማግዶ ተዘግቷል። ግንባሩ ወደ ሰሜን ፈቀቅ ሲል፣ መንገዱ ለሲቪል መኪና በተዘጋበት ሰሞን፣ አንድ የእርዳታ ድርጅት በሄሊኮፕተር መድኃኒት ማምጣትና የጠናበትን በሽተኛ መውሰድ ጀመረ። ከአብራሪው ጋር በእንግሊዝኛ የሚነጋገር ሰው ሲያፈላልጉ እኔን አገኙ። ትንሽ አሠለጠኑኝና በእጅ የሚያዝ የአቪዬሽን ሬዲዮ ሰጡኝ።

ሥራዬ ቀላል ነበር። አብራሪው ሲቃረብ ይጠራኛል፤ ሜዳው ላይ ሰውና ከብት አለመኖሩን፣ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ እነግረዋለሁ፤ ያርፋል። መልስ ካላገኘ አያርፍም። ሜዳው በማን እጅ እንዳለ ከላይ ሆኖ በምን ያውቃል?

ማረፊያው ከከተማው ወጣ ብሎ የሚገኝ፣ ማሽላው የታጨደ ማሳ ነው። ባለቤቱ አዛውንት ገበሬ ናቸው። ሄሊኮፕተር በሚመጣበት ቀን ቀድመውኝ ይደርሱና ከብት ሲያባርሩ፣ ልጆች ሲያርቁ አገኛቸዋለሁ።

ለወራት ጨለማ ውስጥ ከከረምን በኋላ አንድ ቀን ረፋዱ ላይ መብራት መጣ። ከየግቢው እልልታ ተሰማ። ጎረቤቴ አምፖሉን በቀን አብርታ ከሥሩ ቆማ ታለቅሳለች። እኔም ስልኬን ሰክቼ እየሳቅሁ ወደ ማሳው ወረድኩ። በዚያ ቀን የምትሄደው በሽተኛ የጎረቤታችን የግራና ከተማ ነጋዴ ናት። እንጨት ስትለቅም ሳይፈነዳ የቀረ ተተኳሽ ፈንድቶባት እግሯ ተጎድቷል። በቃሬዛ አምጥተው ከዛፍ ጥላ ሥር አስተኝተዋታል። እህቷ ራስጌዋ ተቀምጣ ዝንብ ትከላከልላታለች።

ሄሊኮፕተሩ ከደቡብ በኩል ብቅ ሲል ሬዲዮውን ከፈትኩ። ከውስጡ የወጣው የአብራሪው ድምፅ አይደለም፤ በረዶ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የሚሰማው ዓይነት የማያባራ ጩኸት ነው። ጩኸቱን የሚያፍነውን ቁልፍ አጠበቅሁት፤ የአብራሪው ድምፅም አብሮ ታፈነ። አላላሁት፤ ጩኸቱ ተመለሰ። በመሀል አንድ ሁለት ቃል ይሰማኛል። አንድ ነገር እየጠየቀኝ ነው፤ ምን እንደሆነ ግን አልያዝኩትም። በደፈናው "ሜዳው ነፃ ነው! ሜዳው ነፃ ነው!" እያልኩ ጮህኩ። ሄሊኮፕተሩ ከበላያችን ዞረ፤ ደግሞ ዞረ፤ ከዚያ አፍንጫውን ወደመጣበት መለሰ።

የበሽተኛዋ እህት ተነሥታ መጣች። "ለምን ሄደ?"

"ድምፁ አልተሰማኝም፤ ሬዲዮው…"

"እዚህ መሆናችንን አላየም? እጃችንን እያውለበለብን!"

ቃሬዛውን ይዘን ወደ ጤና ጣቢያው ተመለስን።

ጤና ጣቢያው ውስጥ በሳተላይት ስልክ ወደ ድርጅቱ ደወልን። ነገ ጠዋት አንዴ እንደሚሞክሩ፣ ካልተገናኘን ግን ሄሊኮፕተሩ ወደ ሌላ ቦታ እንደሚላክ ነገሩን። ነርሷ ወደ ጥግ ወሰደችኝና፣ "ጣቶቿ መጥቆር ጀምረዋል። ነገ ካልሄደች እግሯን ብቻ አይደለም የምታጣው" አለችኝ።

መጠባበቂያውን ሬዲዮ ከፈትኩ፤ እሱም ይጮሃል። ስለዚህ ችግሩ ሬዲዮው አይደለም። የድርጅቱ ቴክኒሻን በስልክ፣ "አካባቢሽ ላይ የተለወጠ ነገር አለ?" አለኝ።

"መብራት መጣልን።"

"እሱ ነው። የሆነ ቦታ የኤሌክትሪክ መስመሩ እሳት እየተፋ ሬዲዮሽን እያስጮኸው ይሆናል። ሬዲዮውን ደረትሽ ላይ ለጥፈሽ በቀስታ ዙሪ። ጩኸቱ ሲቀንስ ምንጩ ከጀርባሽ ነው፤ ሰውነትሽ ይጋርደዋል።"

የቀረውን ቀን ሙሉ ስዞር ዋልኩ። ማሳ ለማሳ፣ ሬዲዮ አቅፌ፣ ጥቂት ሄጄ እዞራለሁ፤ ደግሞ ሄጄ እዞራለሁ። ላየኝ ሰው ያበድኩ እመስላለሁ። በዚያ ጊዜ ደግሞ ሬዲዮ ይዞ ሜዳ ላይ መዞር ከእብደትም የባሰ ነው። ሁለት ሚሊሻዎች መሣሪያቸውን አስተካክለው ከፊቴ ቆሙ።

"ማንን ነው የምታናግሪው?"

"ማንንም። የሚጮኸውን ነገር እየፈለግሁ ነው።"

"የሚጮኸውን?" ተያዩ። አንደኛው ሬዲዮውን ነጠቀኝ።

ለማስረዳት ባፌ የሚመጣው ቃል ሁሉ ይበልጥ የሚያስጠረጥር ሆነብኝ። ያን ጊዜ ባለማሳው አዛውንት ከቁልቁለቱ በኩል እየተጣሩ ደረሱ።

"ተዋት! በአላህ ይሁንባችሁ ተዋት! በሽተኞቻችንን የምትሸኝልን አስተማሪ ናት። ከጠረጠራችሁ እኔን ያዙኝ።"

ሚሊሻው ሬዲዮውን አገላብጦ አየና መለሰልኝ። አዛውንቱም፣ "አብሽሪ ልጄ፤ ነይ አብረን እንሂድ" አሉኝና ከፊቴ ቀደሙ።

ምሰሶውን ያገኘነው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ከሥሩ ስንቆም ያለ ሬዲዮም ጥዝዝ ሲል ይሰማል። ሽቦውን የተሸከመው ሸክላ ጎኑ በጥይት ተሸርፏል፤ በስንጥቁ በኩል ሰማያዊ ብልጭታ ይታያል።

"ሌላ ሜዳ የለም ወይ? ምናለ እዚያ ማዶ ብታሳርፉት?" አሉኝ።

"አባቴ፣ ፈንጂ እንደሌለበት የተረጋገጠው የእርስዎ ማሳ ብቻ ነው።"

የከተማውን የመብራት ሠራተኛ ቤቱ ሄጄ አገኘሁት። ሸክላውን ለመቀየር ዕቃውም መሰላሉም ወልድያ ነው፤ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። "ያን ቅርንጫፍ መስመር ለጊዜው ላቋርጥልሽ እችላለሁ" አለኝ፤ "ወፍጮ ቤቱ ግን እሱ ላይ ነው። ሰዉን አንቺው አናግሪ።"

በማግሥቱ ማለዳ ወፍጮ ቤት ስደርስ ሴቶች እህላቸውን ተሸክመው በር ላይ ተሰልፈዋል። ለወራት በድንጋይ ሲፈጩ የከረሙ ናቸው። የመጣሁበትን ስነግራቸው ጫጫታ ሆነ።

"ካጠፋችሁት ይመለሳል?"

"ይመለሳል" አልኩ።

"ማን ነግሮሽ? በአላህ፣ ትላንት የመጣን መብራት!"

ጆንያዋ ላይ የተቀመጠች አንዲት ጠና ያለች ሴት፣ "የማን ልጅ ናት በሽተኛዋ?" አለች።

"የግራና ነጋዴ ናት። ማክሰኞ ማክሰኞ እዚህ ሽንኩርት ትሸጥ የነበረች።"

"እሷ ናት እንዴ?" ሴትየዋ ወደ ባለወፍጮው ዞረች። "አጥፋው፤ ይጥፋ። በድንጋይም ቢሆን ስንበላ ነው የከረምነው።" ያጉረመረሙ ነበሩ፤ ከሰልፉ ግን የከለከለኝ አልነበረም።

ሠራተኛው በረጅም ዘንግ መስመሩን ቆረጠው። ወደ ማሳው ሮጬ ስደርስ የሄሊኮፕተሩ ድምፅ ከሩቅ ይሰማል። ሬዲዮውን ከፈትኩ፤ ምንም የለም። ዝምታው ራሱ አስደነገጠኝ፤ ባትሪው ያለቀ መሰለኝ። ከዚያ የአብራሪው ድምፅ አጠገቤ እንደቆመ ሰው ጥርት ብሎ መጣ።

"መሬት ላይ ያላችሁ፣ ትሰሙኛላችሁ?"

"እሰማሃለሁ" አልኩ። ያስተማሩኝን የአነጋገር ሥርዓት ረስቼ ደጋግሜ፣ "እሰማሃለሁ፣ እሰማሃለሁ" አልኩት።

አረፈ። በሽተኛዋን አሳፈርናት፤ እህቷም አብራት ወጣች። አዛውንቱ ነጠላቸው በነፋሱ እየተውለበለበ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ያደርጋሉ።

መብራቱ ግን አልተመለሰም። ሠራተኛው መስመሩን መልሶ ሲያገናኘው አንድ ዕቃ ተቃጠለ፤ ምትክ አልነበረውም። ያ ሰፈር ለሳምንታት ጨለማ ውስጥ ቆየ። በዚያ በኩል ሳልፍ ሰላምታ የሚነፍጉኝ ነበሩ። "ይመለሳል" ብዬ ቃል የገባሁት እኔ ነኝና አንገቴን ደፍቼ፣ እርምጃዬን አፍጥኜ አልፋለሁ። ቤቴ ደግሞ ሌላ መስመር ላይ ነበር፤ ማታ አምፖሌን ሳበራ ያሳፍረኝ ነበር።

በሽተኛዋ ደሴ ላይ እግሯ ከጉልበቷ በታች ተቆረጠ፤ ነፍሷ ግን ተረፈች። መንገዱ ከተከፈተ በኋላ ግራና ገበያ አገኘኋት። ከሽንኩርቷ ኋላ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ከአንድ ገዢ ጋር ዋጋ ትከራከራለች። ማን እንደሆንኩ አላወቀችም፤ እኔም አልነገርኳት። ሽንኩርት ገዛሁ። "ትንሽ ጨምሪልኝ" ስላት ቀና ብላ አየችኝና፣ "ካንቺ በፊት የመጣችዋም እንዲሁ ብላ ጨርሳኛለች" አለች፤ ግን ጨመረችልኝ።